ጫማ በቁጥር ብቻ አይለካም

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው መንፈቅ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሽ ውስጥ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚያልፍ ሰው እንደ ነበረ የምታስታውሱ አትጠፉም። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። አንዳንዶቻችሁ ቀና ብላችሁ ገላመጣችሁኝ፤ አንዲት እኅት ደግሞ «ፈረስ ገባ እንዴ?» ስትል ሰምቻለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስል ይህን ጽሑፍ ጀመርሁት፤ ነገር ግን ስለ ጫማ ማጥናት ከጀመርሁ በኋላ ጉዳዩ ከይቅርታ ሰፍቶ አገኘሁት። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ጫማ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ እግር ያለው ሁሉ ያገባዋል ብዬ እመልሳለሁ።

ጫማውን የገዛሁት መርካቶ፣ ልባሽ ከሚሸጥበት ነው። ነጭና ቡናማ ቆዳ፣ ስፌቱ ያልተበተነ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሚያስከብር ጫማ ነበር። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ተተክለውበታል። ሻጩን ምን እንደ ሆኑ ብጠይቀው «ለጭቃ ነው፣ የኔ ወንድም፤ ክረምቱን ትሻገርበታለህ» አለኝ። ቁጥሩ 42 ይላል፤ እኔም 42 ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሳደርገው አውራ ጣቴ ጫፉን ነካ፣ ተረከዜ ግን ከኋላ ይዋኛል። ይህንም ብነግረው «ቆዳ ነው፣ ይሰፋል» አለኝ። አመንሁት። ለወሩ ከተላከልኝ ገንዘብ እኩሌታውን ሰጥቼ ወጣሁ።

ጫማው የጎልፍ ጫማ መሆኑን የነገረኝ፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ የተጫዋቾችን ቦርሳ እየተሸከመ የሚያድር የሰፈራችን ልጅ ነው። ሲያየኝ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን በደንብ አስረዳኝ። ጎልፍ ተጫዋች አንድ ሙሉ ጨዋታ፣ ማለት አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ፣ በእግሩ ከዞረ ከሰባት እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መሄዱ ብቻ ሳይሆን በየመካከሉ ቆሞ ወገቡን እየጠመዘዘ ይመታል። ቀኝ እጁን የሚቀድም ሰው ኳሷን ሲመታ የሰውነቱ ክብደት ወደ ግራ እግሩ፣ በተለይም ወደ ውጭው ጠርዝ ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት እግሩ ጤዛ ባለበት ሣር ላይ ቢንሸራተት ኳሷ ሌላ ቦታ፣ ሰውየውም መሬት ላይ ነው። ጥርሱ የተተከለው ለዚህ ነው። ድሮ የብረት ምስማር ነበረ፤ ሣሩን ስለሚቆፍር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሜዳዎች ከለከሉትና ፕላስቲኩ ተተካ። የጫማው ወለል እንዳይጠማዘዝ ደንደን ተደርጎ ይሠራል። ይህ ሁሉ ለሣር መልካም ነው። በሲሚንቶና በሸክላ ንጣፍ ላይ ግን ጥርሱ የሚሰጥምበት አፈር ስለሌለ፣ የሰውየው ክብደት በሙሉ በእነዚያ ትንንሽ ነጥቦች ላይ ይቆማል፤ ያንሸራትታል፣ ውስጥ እግርንም ከታች ይቆረቁራል። ልጁ እንዳለኝ፣ ጎልፍ ተጫዋቾቹ ራሳቸውም ቢሆኑ ልኩን ያልመረጡ እንደ ሆነ በዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ እያነከሱ ይመለሳሉ።

እኔ ዘጠኝ ጉድጓድ አልዞርሁም፤ ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ ብቻ ነው የተመላለስሁት። በሦስተኛው ቀን ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። በሳምንቱ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ጧት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዜን እንደ ምስማር ትወጋኝ ጀመር። ክፍል መቅረት መጣ፤ የመጨረሻውን ፈተና በነጠላ ጫማ ገብቼ ተፈተንሁ። ተቆጣጣሪው እግሬን አይተው ዝም ስላሉኝ አመሰግናለሁ።

ክሊኒክ ስሄድ ሐኪሟ እግሬን ከማየታቸው በፊት «ጫማህን አውልቅና ስጠኝ» አሉኝ። ከዚያም ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈው በባዶ እግሬ አቆሙኝና ዙሪያውን በእርሳስ ሣሉት። ጫማውን አንሥተው ሥዕሉ ላይ አስቀመጡት። ሥዕሉ በሁለቱም ወገን ከጫማው ተርፎ ወጣ። በማርያም ጣቴ በኩል ግማሽ ጣት የሚያህል ሥጋ፣ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው፣ ማደሪያ አጥቶ ቀርቷል። «እንግዲህ ይህ ሁሉ የት ገብቶ ነው የሰነበተው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን የወረቀት ፈተና ለምቀርበው ሰው ሁሉ እያስተማርሁ ነው፤ ወጪው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

እግር ስንል አንድ ነገር አድርገን እናስበዋለን እንጂ በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉ። በሁለቱ 52 መሆኑ ነው፤ በሰውነታችን ካሉት 206 አጥንቶች አንድ አራተኛው እዚያ ታች ተሰብስቦ ይገኛል። እነዚህ አጥንቶች እንደ ድልድይ ቅስት ተደርድረው የሰውነትን ክብደት ይቀበላሉ። ከተረከዝ ተነሥቶ እስከ ጣቶቹ ሥር የሚዘረጋ ወፍራም ጅማት መሰል ነገር ደግሞ ቅስቱን ከሥር እንደ ገመድ ወጥሮ ይይዘዋል። እኔን ጧት ጧት የወጋኝ ይህ ገመድ ነው። ሌሊቱን አርፎ ስለሚያድር ጧት በድንገት ሲወጠር፣ ቀድሞ የቆሰለበት ቦታ፣ ማለት ተረከዙ ላይ የተተከለበት፣ ይታመማል። ሐኪሟ ያዘዙልኝም ቀላል ነገር ነበር፤ ጧት ከመነሣቴ በፊት ጣቶቼን ወደ ራሴ እየሳብሁ እንዳፍታታው፣ ማታ ደግሞ ጠርሙስ ከውስጥ እግሬ ሥር እያንከባለልሁ እንድቀመጥ። ከወር በላይ ፈጀ፣ ግን ለቀቀኝ።

ውኃ መቋጠር የሚመጣው ጫማ ስለጠበበ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን መተሻሸት ነው። ተረከዝ በየእርምጃው ከጫማው ጋር አብሮ ካልተነሣ ቆዳው በአንድ ወገን ይጎተታል፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ በሌላ ወገን ይቀራል፤ በመካከል ሲላቀቅ ውኃ ይገባበታል። ስለዚህ ሰፊ ጫማም ያቆስላል። የእኔው ጫማ ከፊት ጠቦ ከኋላ ሰፍቶ ሁለቱንም በደል በአንድ ላይ ፈጸመብኝ። እርጥብ ካልሲ ነገሩን ያብሰዋል፤ የቋጠረውንም ውኃ ልጣጩን ሳይገፉ ሸፍኖ መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ የተታለልሁት በእሱ ነውና። በአገራችን የለመድነው የፈረንሳዮቹ ቁጥር ነው። አንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚበልጠው በሁለት ሦስተኛ ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንግዲህ 42ን በዚህ ብታባዙት 28 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ግን ልብ በሉ፣ ይህ የእግር ርዝመት አይደለም። ጫማ ሠሪዎች ፎርማ የሚሉት፣ ጫማው የሚሰፋበት የእግር አምሳያ ርዝመት ነው። ፎርማው ከእግር ምን ያህል መርዘም አለበት የሚለውን እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ይወስናል፤ ሹል አፍንጫ ያለውን ጫማ የሚሠራው ብዙ ይጨምራል፣ ድቡልቡል የሚሠራው ጥቂት። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ 42 ለሌላው 41 ወይም 43 ሊሆን ይችላል። የእንግሊዞቹ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው። እነርሱ የሚቆጥሩት በአንድ ኢንች ሲሶ ነው፤ ይህም ጥንት አንድ ኢንች የሦስት ገብስ ፍሬ ርዝመት ይባል ከነበረበት ጊዜ የመጣ ነው። አንድ ጎጃሜ ይህን ሰምቶ «የእኛን ገብስ ነው ወይስ የእነሱን?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

ከሁሉ በላይ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ርዝመት ብቻ ነው፤ ስለ ስፋት ዝም ይላል። ቻርልስ ብራኖክ የሚባል አሜሪካዊ፣ የጫማ ሻጭ ልጅ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ የሠራው የብረት መለኪያ እስከ ዛሬ በየአገሩ የጫማ መደብር ይገኛል። መለኪያው ሦስት ነገር ይለካል፤ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ፣ የእግርን ስፋት፣ እና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ። ይህ ሦስተኛው ለእኔ አዲስ ነበር። ሁለት ሰዎች እግራቸው እኩል ይረዝማል፤ የአንዱ ጣቶች ግን ረጃጅም፣ የሌላው አጫጭር ይሆናሉ። ጫማ መታጠፍ ያለበት እግር በሚታጠፍበት በዚያ ጉብታ ላይ ነውና፣ ለአንዱ የተስማማው ለሌላው በማይታጠፍ ቦታ ይታጠፋል። በዚያው ዘመን በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር መደብሮች የራጅ ሣጥን እስከ ማቆም ደርሰው ነበር፤ ደንበኛው እግሩን ከነጫማው አስገብቶ የገዛ አጥንቱን በመስኮት ያይ ነበር። ጨረሩ ለሻጩም ለልጆቹም አደገኛ መሆኑ ሲታወቅ ሣጥኑ በየቦታው ተከለከለ። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ያህል ሥራ ከሠራ፣ ሣጥኑ ምን ያደርግ እንደ ነበር አይገባኝም።

ስለ እግርና ስለ ጫማ ተነሥቶ አበበ ቢቂላን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ሆኖም ታሪኩ ብዙ ጊዜ በጠማማ ይነገራል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፣ ሮማ ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ የውጭ አገር ሰዎች ጫማ መግዣ ያጣ ድኻ አድርገው አወሩት። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አሮጌው ጫማው አልቆ፣ አዲስ ያገኘው ለእግሩ አልስማማው አለ፤ ያቆስለዋል። በባዶ እግሩ መሮጥ ደግሞ በልምምድ የለመደው ነገር ነበር። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር መክሮ ጫማውን ተወው። ይህ የድህነት ሳይሆን የማመዛዘን ሥራ ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር በማይሆን ጫማ ከመሮጥ ያለ ጫማ መሮጥን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶክዮ ላይ፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አርባ ቀን ያህል ቢሆነው ነው። ልኩ የሆነ ጫማ ሲያገኝ አደረገ፣ ሳያገኝ ተወ። እኔ ግን መርካቶ ላይ ይህን ያህል ብልኀት አልነበረኝም።

እንግዲህ ጫማ ልትገዙ ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ፣ ቢቻል ወደ ማታ ሂዱ። እግር ቀን ሲቆምበት ውሎ ማታ ያብጣልና፣ ጧት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠባል። ልታደርጉት ያሰባችሁትን ካልሲ አድርጋችሁ ሂዱ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ቀኝና ግራ እኩል የሆነለት ሰው ጥቂት ነው፣ የሚገዛውም ለትልቁ ነው። ተቀምጣችሁ አትለኩ፤ ቆማችሁ ክብደታችሁ ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መቅረት አለበት፤ ረጅሙ ጣት የምለው ለአንዳንዱ ሰው ሁለተኛው ስለሆነ ነው። ውስጡ ያለው ንጣፍ የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ ቁሙበት፤ ሥጋችሁ ከጠርዙ ከተረፈ ጫማውን መልሱት። እጃችሁን አስገብታችሁ የወጣ ምስማርና የጎበጠ ስፌት ፈልጉ። ከዚያ ጫማውን ከአፍንጫውና ከተረከዙ ይዛችሁ እጠፉት፤ በጣቶቹ ሥር ከታጠፈ መልካም፣ በመካከሉ እንደ ደብተር ከታጠፈ እግርን አይደግፍም። በመጨረሻም ሻጩ ያነጠፈው ካርቶን ላይ ሳይሆን ደረቅ መሬት ላይ ሂዱበት።

«ይሰፋል» የሚለውን ነገር በተመለከተ፣ ሻጩ ፈጽሞ ዋሽቶኛል አልልም። የላይኛው ቆዳ በስፋት በኩል ጥቂት ይለቃል። በርዝመት ግን ወለሉ ስለያዘው አንድ ፀጉር አይጨምርም። ጣት የነካ ጫማ ሲነካ ይኖራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጫማው ከፊት ተስማምቶ ተረከዝ ቢያንሸራትት ከመጣሉ በፊት አስተሳሰሩን መሞከር ይገባል። ብዙ የሸራና የሩጫ ጫማ በላይኛው ጫፍ፣ ማንም የማይነካት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለችው። ማሰሪያውን በዚያች ቀዳዳ በዚያው ወገን መልሳችሁ አስገቡና ትንሽ ቀለበት ሥሩ፤ የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፋችሁ ሳቡት። ተረከዙን ቆንጥጦ ይይዘዋል። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አዲስ ሊገዛ ተነሥቶ በዚህ ዘዴ ብቻ ገንዘቡን አትርፏል፤ እስካሁን ሻይ አልጋበዘኝም።

እስከዚህ ያለው የእኔ የከተማው ሰው ታሪክ ነው። ለዕረፍት አገሬ ስገባ ግን ሌላ እግር አየሁ። አገሬ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቀይ አፈር ያለበት ደጋ ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበቷ በታች ካበጡ ዓመታት ሆኗል። ሕፃን ሳለሁ ዝሆኔ ይባል ነበር፤ ጎረቤት በሹክሹክታ እርግማን ይለዋል፣ የታመመው ሰው ባለበት መደብ ላይ መቀመጥን የሚፈራም ነበር። ሐኪሟን ስለ እግሬ ሳመሰግናቸው ስለ እርሷም ጠይቄአቸው ነበርና ያስረዱኝን እዚህ እጽፈዋለሁ። ዝሆኔ በቆላ በወባ ትንኝ መሰል ተናካሽ የሚመጣም አለ፤ ይህ የደጋው ግን ከአፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨው ቀይ አፈር እጅግ የደቀቀ ማዕድን አለው። በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ሲሄዱበት ደቃቁ በቆዳ ውስጥ ያልፋል፤ የሰውነትን ፈሳሽ ወደ ላይ በሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ገብቶ ያቆስላቸዋል፣ ይዘጋቸዋልም። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህን ከአፈሩ ጋር አያይዞ ያስረዳው በአገራችን ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1970ዎቹ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ግን ለዚህ የመጋለጥ ነገር በዘር ይወርዳል፤ ጎረቤት እርግማን ያለው ይኸንኑ አይቶ ይሆናል። በኢትዮጵያ የያዛቸው ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። መከላከያው ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። የጀመረው ሰውም ቢሆን እግሩን እየታጠበ፣ በደንብ እያደረቀ፣ ቅባት እየቀባ፣ ማታ ከፍ አድርጎ እየተኛና ጫማ እያደረገ እብጠቱን ሊያስቀንስ ይችላል።

ጫማ እያደረገ። ይህን ስሰማ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀድሞ እናቴ የአክስቴን እግር በስንደዶ ለክታ ልካልኝ ነበርና፣ በዚያው ልክ ጥሩ ሸራ ጫማ ገዝቼ ገባሁ። ርዝመቱ አልሳተም፤ ስንደዶው ትክክል ነበር። አክስቴ ግን ጣቶቿን እንኳ ማስገባት አልቻለችም። ስንደዶ እንደ ቁጥሩ ነው፣ ስለ ስፋት ዝም ይላል። እርሷ «ይሁን፣ ልጄ፤ ለደጅ አስቀምጠዋለሁ» ብላ ጫማውን ከነካርቶኑ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው፤ እኔም ውጭ ወጥቼ ብዙ ቆየሁ። በረባሶውም፣ ኮንጎውም፣ በገበያው ላይ ያለው ሁሉ ለጤነኛ እግር የተሠራ ነው። ጫማ በጣም የሚያስፈልገው እግር ጫማ የማይገኝለት እግር ሆኖ አገኘሁት።

በማግስቱ ወረቀት አንጥፌ፣ ሐኪሟ እንዳደረጉት አድርጌ፣ አቁሜ ሣልኋት። መጀመሪያ እግሯን ለመግለጥ አፈረች፤ ጥቁር ጥፍሬን ሳሳያት ሳቀችና ቆመችልኝ። ለስፋቱ ወረቀቱ ይበቃል፤ ለከፍታው ግን አይበቃምና በክር ለካሁት፤ አንድ በጣቶቹ ሥር ዙሪያውን፣ አንድ በመካከሉ፣ አንድ ከተረከዝ ወደ ላይ አዙሬ በቁርጭምጭሚቱ። በየክሩ ላይ ቋጠሮ አሠርሁ። ማታም ደግሜ ለካሁ፤ ከጧቱ በጣት ስፋት ይበልጥ ነበር፣ የማታውን ያዝሁ።

እዚህ ስመለስ ሦስት ጫማ ሠሪ ዘንድ ሄድሁ። ሁለቱ ፎርማ የለንም ብለው መለሱኝ። ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ወረቀቱን መብራት ላይ ይዘው አዩት፣ ክሮቹን አንድ በአንድ በሜትራቸው ላይ ዘረጉ። ካላቸው ፎርማ በትልቁ ላይ ቆዳ እየደራረቡ ልኩን እንደሚያመጡት፣ ከላይም እንዳይጫናት እስከ አፍንጫው ድረስ የሚከፈትና በማሰሪያ የሚላላ የሚጠብቅ እንደሚያደርጉት ነገሩኝ። ስፌቱን ከውስጥ እንዳያስቀሩ ለመንኋቸው፤ «እሱን ለእኔ ተወው» አሉኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ክሩን የለካሁት ጧት ነው ወይስ ማታ። ማታ መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ቀብድ ተቀብለው ለሌላው ሳምንት ቅዳሜ ቀጠሩኝ።